ይግባኝ የሌለው ኳስ

የዚያን እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ ኮቴን እንኳን ሳላወልቅ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጫለሁ። ከእኛ በላይ ባለው አፓርትመንት የሚኖሩት ጋሼ፣ የአየር ማረፊያ ሻትል የሚነዱ አዛውንት፣ አጠገቤ ናቸው። ኳሱን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የአሜሪካኑን ማለቴ ነው። ስሙ እግር ኳስ ሆኖ በእግር የሚመታው አልፎ አልፎ ነው። ያን አልፎ አልፎ የሚመታውን ኳስ የሚመታው ደግሞ የእኔ ልጅ ነው።

ልጄ የሚማረው ከምንኖርበት ከኮሎምበስ በመኪና ሁለት ሰዓት ርቆ በሚገኝ ትንሽ ዩኒቨርሲቲ ነው። እዚህ ከተማ ቅዳሜ ሲመጣ ሕፃን ሽማግሌ ሳይል ሁሉም የከተማውን ትልቅ ዩኒቨርሲቲ የኳስ ቡድን ልብስ ለብሶ ይውላል። ዳውንታውን አጠገብ የማጸዳው ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛው ሳይቀር ከግሉኮሱ ጋር ለብሶት ይተኛል። እኔ ማንም የማያውቀውን የልጄን ትምህርት ቤት ሹራብ ለብሼ ስገባ ይህ ደግሞ የምን ቡድን ነው ይሉኛል። ዘንድሮ ታውቁታላችሁ እላቸው ነበር።

ምክንያቱም በዚያ ዓመት ልጆቹ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተሸነፉት። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ ያቺ ሽንፈት የመጣችው ልክ በመስከረም ነው። ለካ ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ውድድሩ ሲጀመር ትንንሾቹን ገንዘብ ከፍለው ወደ ሜዳቸው ያስመጣሉ፤ በሰው በተሞላ ስታዲየም ቀጥቅጠው ይሸኟቸዋል። ትንሹም በዚያ ገንዘብ የአውቶቡሱን፣ የመብራቱን፣ የዋናተኞች ቡድኑን ወጪ ይሸፍናል። በገንዘብ እንደምትጠራ አስለቃሽ፣ ይኼ ደግሞ በገንዘብ የሚጠራ ተሸናፊ ነው። የእኛዎቹ ግን ሊቀጠቀጡ አልሄዱም። የተሸነፉት በአራት ነጥብ ብቻ ነው። ልጄ ሦስት ጊዜ መትቶ ሦስቱንም አስገብቷል። ከዚያ ወዲያ ያሸነፋቸው የለም።

እሁዱ ፕሌይኦፍ፣ ማለትም የዋንጫው ጥሎ ማለፍ፣ የሚገቡት ቡድኖች የሚነገሩበት ቀን ነው። እዚያ ለገባ ገንዘቡም ስሙም ይጎርፍለታል፤ ያልገባ ቦውል የሚባል ማጽናኛ ጨዋታ ይሰጠዋል። ለትንንሾቹ ዋስትና ያላት አንዲት ወንበር ነች፤ እሷን ሌላ ትንሽ ቡድን ወሰዳት። የቀረውን ትልልቆቹ ተከፋፈሉት። ሦስት ጊዜ የተሸነፈ ቡድን ገባ፣ የእኛዎቹ ቀሩ። ስክሪኑ ላይ የተሰለፉት ተንታኞች ተገቢ ነው ይላሉ። ውሻ በበላበት ይጮኻል።

«ምን አጠፉ ነው የሚሉት?» አልኳቸው ጋሼን።

«ሉዝ አድርገዋላ፣ ልጄ። ከትልቅ ጋር ገጥመው ሉዝ አድርገዋል።»

«ከፍለው አስመጥተው አሸነፏቸው፤ አሁን ደግሞ መሸነፋቸውን ቆጠሩባቸው?»

«እንደዚያ ነው።»

«እሺ ይግባኝ የሚባለው የት ነው?»

ጋሼ ሳቁብኝ። «ይግባኝ የለውም እኮ! ኮሚቴ ነው። ሆቴል ይገባሉ፣ ዲስከስ ያደርጋሉ፣ ይወጣሉ።»

ይህን ለእኔ መንገር አልነበረባቸውም። አዲስ አበባ ሳለሁ ፍርድ ቤት በር ላይ ባለች ታይፕ ቤት ስምንት ዓመት የሰው ማመልከቻ ስጽፍ ኖሬያለሁ። ባሏ ስለሸሸባት፣ መሬቱ ስለተወሰደበት፣ ጡረታው ስለተቋረጠበት ጽፌያለሁ። መልስ ያገኘው ጥቂት ነው። ዝም ብሎ የተመለሰ ግን አንድም የለም። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ለኮሚቴው ልጽፍ ወረቀት አወጣሁ። «ጉዳዩ፦ በግፍ የተዘለለ ቡድንን ይመለከታል» ብዬ ጀመርኩ። መጀመሪያ በአማርኛ ጽፌ፣ ከዚያ ከጋሼ ጋር ሁለት ቀን ወደ እንግሊዝኛ ስንገለብጥ ከረምን። «እኔ ከታች ስሜ የተገለጸው አመልካች» የሚለው አልገለበጥልን ብሎ ተጣልተንበታል።

በሚቀጥለው እሁድ ከአምልኮ በኋላ የቤተ ክርስቲያናችን ፓርኪንግ ውስጥ ሰው እንዲፈርምልኝ ማመልከቻውንና እስክሪብቶ ይዤ ቆምኩ። «ኢሚግሬሽን ነው?» ይለኛል ሰው። ኳስ ነው ስለው ግራ ይጋባል፤ በገንዘብ አስመጥተው እንዳሸነፏቸው፣ ከዚያም እንደቆጠሩባቸው ስነግረው እስክሪብቶውን ይቀበለኛል። አንዲት እናት ከፊርማዋ አጠገብ «እግዚአብሔር ይፍረድ» ብላ ጨመረችበት። አልሰረዝኩትም።

ከዚያ ያገሬ ሰው ሁሉ የሚሠራውን ስሕተት ሠራሁ። ማመልከቻ ያለ ግልባጭ ይሄዳል እንዴ? ከታች «ግልባጭ» ብዬ ለዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት፣ ለግዛቱ ገዢ ጽሕፈት ቤት፣ ለቡድኑ አሠልጣኝ ብዬ ደረደርኩ። ለሁሉም በፖስታ ላክሁ። እኔ በማውቀው ዓለም ግልባጭ ያልተደረገለት ሰው ይቀየማል። እዚህ ግን የሚቀየመው ልጅ ነው።

«እማዬ፣ ዋይ?» አለኝ በስልክ። «ኮቹ ኦፊስ ጠራኝ! የእናትህን ሌተር አነበብኩት አለኝ! ዱ ዩ ኖው ሃው ኢምባራሲንግ ዚስ ኢዝ?»

«ውሸት ጻፍኩ?»

«ዛትስ ኖት ዘ ፖይንት!»

ዘጋብኝ። ሁለት ቀን አልደወለም። እኔም አልደወልኩም።

ከኮሚቴው መልስ አልመጣም። የደወለው አሠልጣኙ ነው። ሆስፒታሉ ውስጥ አራተኛው ፎቅ ላይ የአልጋ አንሶላ እየለወጥኩ ነበር። ደብዳቤዬን እንዳነበበው፣ እያንዳንዱ ቃል እውነት እንደሆነ ነገረኝ። ደስ አለኝ። ቀጥሎ ደግሞ ሊሄድ መሆኑን ነገረኝ። አንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ቀጥሮታል፤ ለቦውሉ ጨዋታ እንኳን አይቆይም። ልጄን ይዞት መሄድ ይፈልጋል። ለካ አሁን ኳስ የሚጫወት ተማሪም ይከፈለዋል፤ ለልጁ በዓመት የሚከፈለውን ገንዘብ ሲነግረኝ አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። የበሽተኛ አልጋ ላይ መቀመጥ ክልክል ነው።

«ትክክል አይደለም ብለሽ ጽፈሻል» አለኝ። «ትክክል ወደሚሆንለት ቦታ ልውሰደዋ። አንቺን ይሰማሻል፤ ንገሪው።»

ልዋሽ አልችልም፤ ፈለግሁት። ቀን ሆስፒታል እሠራለሁ፣ ማታ አንዲት አሮጊት ቤት እየሄድኩ እንከባከባለሁ፤ እግሬ በሁለተኛው ሥራ ላይ ያብጣል። ያ ገንዘብ የማታውን ሥራ ያስተወኛል። ጋሼ ደግሞ ሰምተው «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እያሉ ከላይ ወርደው ቀለዱብኝ። ቀልድ ብቻ አልነበረም።

ልጄ ከቦውሉ በፊት ለሁለት ቀን ቤት መጣ። እንደ ልማዱ ፍሪጁን ከፍቶ ምንም ሳያወጣ ቆሟል።

«ሂድ» አልኩት።

«ኖ።»

«ምን ማለት ነው ኖ? የእኔን እግር አይተኸዋል? ቦታችሁን የወሰዱት ትልልቆቹ ራሳቸው ሊከፍሉህ ነው!»

ፍሪጁን ዘጋው። «ኳሱን መሬት ላይ የሚያቆምልኝ ልጅ አለ፣ ከፒከሪንግተን የመጣው። ታውቂዋለሽ።»

አውቀዋለሁ። ቤቴ መጥቶ ሽሮ የበላ ልጅ ነው። ልጄ ሲመታ ተንበርክኮ በጣቱ ኳሱን ይዞ የሚያቆምለት እሱ ነው። እሱ ከሌለ የሚመታ ነገር የለም።

«ግማሹ ቲም ከትልልቆቹ ኮል ተደርጓል። ሊሄዱ ነው። እሱን ግን ኖባዲ ኮልድ ሂም። ኳስ ለሚይዝ ማንም አይከፍልም። እኔም ከሄድኩ በሚመጣው ዓመት እዚያ ማን ይቀራል?» ከዚያ ወደ እኔ ዞረና «እማዬ፣ ሌተሩን የጻፍሽው ስለ ቲሙ ነው ወይስ ስለ እኔ?» አለኝ።

 ስምንት ዓመት ለሰው አቤት ስል ኖሬ፣ አንድ ልጅ በአንድ ጥያቄ አፌን አስያዘኝ። አፈርኩ። ተናደድኩም፤ እሱ ትክክል መሆኑ ነው ያናደደኝ፤ ትክክል መሆን የእኔ ሥራ ነበር። መክሰስ እንኳን ሳላቀርብለት መኝታ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ስወጣ ሹራቡን ለብሶ ሶፋው ላይ ተኝቷል።

በማግስቱ ሥራ ላይ ሳለሁ አሠልጣኙ ደወለ። መልሴን ለመስማት ነው። እንግሊዝኛዬ ስናደድ ይሰባበራል፤ እንደምንም ጠጋገንኩት።

«አይመጣም» አልኩት።

«ገንዘቡን ነግረሽዋል?»

«እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።»

 ክፉ ሰው አይደለም። «ኢፍትሐዊ ነው ያልሽው አንቺ እኮ ነሽ» አለኝ። «በእጅሽ ጽፈሽ ልከሽልኛል።»

«አዎ» አልኩት። «አንተ ጋ የደረሰው ግልባጩ ነው። ዋናው መልስ አላገኘም። ልጄን ወስደህ ማመልከቻዬን አትዘጋውም።»

መልካሙን ሁሉ ተመኝቶልኝ ዘጋ። ሰባት ክፍል ቀርቶኝ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን እያለቀስኩ ነው የጠረግኋቸው፤ የማልቀሰውም ስለ ገንዘቡ ነው፣ አልደብቅም። ሦስተኛው ክፍል ያሉት ሽማግሌ የትልቁን ዩኒቨርሲቲ ኮፍያ አድርገው ተኝተዋል። ሹራቤ ደረት ላይ ያለውን የልጄን ትምህርት ቤት ስም አይተው፣ እኒህ ልጆች አልተበደሉም ወይ አሉኝ።

«ተበድለዋል» አልኳቸው። «ማክሰኞ ይጫወታሉ።»