ሙሻ ደሴት ላይ ጥሎን የሄደው ባለጀልባ

ጠዋት ከድሬዳዋ ለገሃር ስንነሳ ዓላማችን አንድ ነበር፤ ባሕር ገብቶ መታጠብ። እኔ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። አብራኝ የተጓዘችው ጎረቤቴ አዴ ከዲጃ ጨርቅ ነጋዴ ናት፤ ለንግድ ጅቡቲ ብትመላለስም እግሯን እንኳ ባሕር ነክራ አታውቅም።

"ዘንድሮ የምሄደው ለጨርቅ አይደለም፤ ለራሴ ነው፣ ወላሂ!" አለችኝ።

በባቡሩ ሦስተኛ ማዕረግ የእንጨት ወንበር ላይ ተጣብበን ተቀመጥን። ባቡሩ አዲጋላ ሲደርስ ሴቶች የግመል ወተትና የተቀቀለ እንቁላል ይዘው ወደ መስኮቱ ተሻሙ። ከዚያ ወዲያ ጥቁር ድንጋይና ሙቀት ብቻ ነው። ድንበር ላይ የይለፍ ወረቀታችንን አሳይተን፣ አመሻሽ ላይ ጅቡቲ ገባንና የአዴ ከዲጃ ዘመዶች ቤት አደርን።

ደሴቱ

በማግስቱ የደርሶ መልስ ከፍለን፣ አንድ የሞተር ጀልባ ሙሻ ወደምትባለው ደሴት ወሰደን። የተከራየነውን፣ በአየር የተነፋ የመኪና ጎማ ከመነዳሪ ይዘን ከነቀሚሳችን ውሃ ገባን። አዴ ከዲጃ ማዕበሉ በመታት ቁጥር እንደ ልጃገረድ ትስቃለች። እኔም ዋና ባልችልም ከመነዳሪው ላይ ተንጋልዬ ሰማይ ሰማዩን አየሁ።

ከአሸዋው ማዶ ፈረንጆች ነበሩ። ገመድ ይዘው፣ ሳንቃ ላይ ቆመው፣ በጀልባ እየተጎተቱ ውሃ ላይ ይንሸራተታሉ። ጀልባቸው ሲበላሽ የእኛን ባለጀልባ ጠሩት።

"አሁን መጣሁ!" ብሎን ሄደ። ምግባችንና የመጠጥ ውሃችን ጀልባው ውስጥ ነበሩ።

እያየነው ሲጎትታቸው ዋለ። ጮኽን፤ እጃችንን አውለበለብን። ፀሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር ፈረንጆቹን ሁሉ ጭኖ፣ ዞር ብሎ ሳያየን ወደ ከተማው አቀና።

የአዴ ከዲጃ ከንፈር ተሰነጣጥቆ ነበር። እሾሃማ ቁጥቋጦ ሥር አስተኛኋት። በሩቅ የአንድ ዓሣ አጥማጅ ጀልባ ሸራ ይታያል፤ ዳር ላይ ያለው ትልቅ ድንጋይ ግን እኛን ከልሎናል። ቢጫ ሻሿን ክንዴ ላይ አስሬ፣ ከመነዳሪውን አቅፌ ከድንጋዩ አልፌ ወደ ውሃው ገባሁ። እግሬ መሬት ሲያጣ ከመነዳሪውን ይበልጥ አጥብቄ ያዝኩት፤ ሻሹን ግን ማውለብለቤን አላቆምኩም። ሸራው ወደ እኔ ዞረ።

ሽማግሌው ዓሣ አጥማጅ መጀመሪያ ለአዴ ከዲጃ ውሃ ሰጣት።

"ማን ነው እዚህ የጣላችሁ?" ሲል በሶማሊኛ ጠየቃት። መልስ ከመስጠቷ በፊት አለቀሰች።

ወደቡ

ሽማግሌው ወደብ ሲያደርሰን፣ ባለጀልባውን ለማግስቱ የሚሄዱ መንገደኞች ሲያግባባ አገኘነው። ሲያየን ፈገግ አለ!

"እነሱ እንግዶች ናቸው። እናንተ የቤት ሰዎች ናችሁ፤ ትችሉታላችሁ ብዬ ነው።"

"ጥምን ነው የምንችለው?" አልኩት። "የቤት ሰው ደረቅ አሸዋ ላይ ይጣላል?"

አዴ ከዲጃ ወደ መንገደኞቹ ዞራ የሆነውን ሁሉ በሶማሊኛ፣ ከዚያም በዓረብኛ ተናገረች። አንዲት እናት ልጇን ይዛ ወደ ሌላ ጀልባ ሄደች። ሌሎቹም ተከተሏት። ሰውዬው እየጠራቸው ቀረ።

ድሬዳዋ

ሰፈር ስንደርስ ጎረቤቱ ሁሉ፣ "እንኳን በሕይወት መጣችሁ፤ በቃ ተዉት" አለን። ይህም አናደደኝ። እኛ ስለተረፍን የእሱ ሥራ ጽድቅ አይሆንም። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት፣ "የቤት ሰው ነህ፣ ቻለው" የሚል ሰው የሚቀማህ ነገር እንዳለ ነው።

"ባሕሩስ እንዴት ነው?" ብላ አንዷ ጠየቀች።

አዴ ከዲጃ ቀደመችኝ። "ባሕሩ ምን አደረገን? ባሕሩማ ደግ ነው።"