ከሁለተኛ ፎቅ የሚመጣው ወረቀት

ባለፈው እሑድ ልጄ ናትናኤል ምሳ ሊጋብዘኝ መጥቶ ደጄ ላይ ቆሞ ኖሯል፤ እኔ አልሰማሁም። ወሩ ሰኔ ነው፣ መስኮቴ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ እዚህ ፍራንክፈርት ጋሉስ ሰፈር ውስጥ ደግሞ እሑድ እሑድ ከትራሙ በቀር የሚንጫጫ ነገር የለም። በመጨረሻ በስልክ ጮኸብኝ።

«አባዬ፣ ከታች ቆሜ ቫርተ እያደረግኩህ እኮ ነው! መኪና ማቆሚያ ፓርክፕላትስ የለም፣ ቶሎ ና!»

በድሮው ናፍጣ መኪናው ቢሆን ኖሮ ገና ከማዕዘኑ ሲታጠፍ አውቄው፣ ጫማዬን አስሬ እጠብቀው ነበር። የኤሌክትሪክ መኪና ከገዛ ወዲህ ግን ልጄ እንደ ድመት ነው የሚመጣው። ይህን ስነግረው ይስቃል። እኔም እስቃለሁ፣ ከልቤ ግን አይደለም።

ማይንሰር ላንድሽትራሰ የሚባለው ጎዳና ላይ ቀይ መብራት ይዞን ሳለ አንዲት አሮጌ የአሜሪካ መኪና መጥታ ከጎናችን ቆመች። «ማስል ካር» ከሚሏቸው ናት፤ ኮፈኗ የረዘመ፣ ወገቧ የሰፋ፣ ሞተሯ ባለ ስምንት ሲሊንደር። ቆማ እንኳ ታጉረመርማለች። ትራም የሚጠብቁት ሰዎች ሁሉ ዞረው አዩዋት፤ አንዱ ጆሮውን ያዘ፣ ሌላው ስልኩን አውጥቶ ቀረጻት።

«እነዚህ እኮ ሊያልቁ ነው» አለ ናትናኤል። «አንድ የሥራ ጓደኛዬ እንዲህ ያለች አለችው፤ ሞተሯን አውጥቶ ባትሪ ሊያስገባባት ነው። ላይዘ ትሆናለች፣ ድምፅዋ አይሰማም።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነና ያቺ መኪና እያገሳች ሄደች። እኔ በወጣትነቴ የአንዲት እንዲህ ያለች መኪና አፍ ዘግቼ ያመጣሁትን ጣጣ ማሰብ ጀምሬ ነበር።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። የሥራ ፈቃድ ባገኘሁ በሳምንቱ እዚሁ ጋሉስ፣ ከባቡር ሐዲዱ አጠገብ፣ ሳንድሮ የሚባል ጣሊያናዊ ጋራዥ ሄጄ ሥራ ጠየቅኩ። ሳንድሮ ሆዱ የሚቀድመው፣ ሳቅ የማያልቅበት ሰው ነበር። ኮፈኑ የተከፈተ መኪና አሳየኝና «በል ሞክር» አለኝ። ብሎን መፍቻውን ፈለግኩ። በጀርመንኛ ምን እንደሚሉት አላውቅም፤ ሲጨንቀኝ በራሴ ቋንቋ «ካቻቪቴ!» አልኩ።

ሳንድሮ ደርቆ ቀረ። «ጣሊያንኛ የት ተማርክ?»

«ጣሊያንኛ አልችልም። አማርኛ ነው» አልኩት ኮራ ብዬ።

ከዚያ ካንዴላ አልኩ፣ ማርሚታ አልኩ፣ ሞተሪኖ አልኩ፤ አንዱን በጠራሁ ቁጥር ጭኑን እየመታ ይስቃል። እኔ እኮ እስከዚያ ቀን ድረስ ካቻቪቴ ከቡልጋ የመጣ ቃል ነበር የሚመስለኝ! በዚያው ተቀጠርኩ፤ የጋራዡ ስሜም ካቻቪቴ ሆኖ ቀረ።

ሙያውን የተማርኩት አዲስ አበባ፣ ለገሃር አካባቢ፣ ከጋሽ ታደሰ ነው። ጋሽ ታደሰ «የሚጮህ መኪና የታመመ መኪና ነው» ይል ነበር። ሠርቶ ሲጨርስ ባለመኪናው «ሞተሩ ተነስቷል እንዴ?» ብሎ ከጠየቀው፣ ያን ቀን ሽልማት የተቀበለ ያህል ደስ ይለዋል። ድምፅ ማጥፋት የመካኒክ ክብር ነው ብዬ አምኜ ነው ፍራንክፈርት የገባሁት።

ከደንበኞቻችን መካከል ፍራው ኬስለር የምትባል፣ አርባ ዓመት ያለፋት ሴት ነበረች። ኒደርራድ ሰፈር ቢሮ ውስጥ ትሠራለች። የምትነዳው የአባቷን መኪና ነው፤ እንደ ድልህ የቀላች፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር ማስል ካር። አባቷ ሄር ኬስለር ለአሜሪካ ወታደሮች መካኒክ ሆነው ሲሠሩ ነበር የኖሩት። አንዱ ወታደር ወደ አገሩ ሲመለስ መኪናዋን ለእሳቸው ሸጠላቸው። ኋላ ስትሮክ እግራቸውን ያዛቸውና ሮደልሃይም ሰፈር፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ አልጋ ላይ ቀሩ።

ልጃቸው ቅዳሜ ቅዳሜ መኪናዋን ይዛ ትሄድና ከመስኮታቸው ሥር አቁማ፣ ሞተሩን ሳታጠፋ ጥቂት ደቂቃ ትቆያለች። ከዚያ ወደ ላይ ስትወጣ አባቷ የሰሙትን ብልሽት ያስጽፏታል። ሰኞ ያ ወረቀት እኛ ጋ ይደርሳል። «ሦስተኛው ካንዴላ ይስላል።» «ጠዋት ጠዋት ቀበቶው ያፏጫል።» «ቆማ ስትሠራ ትንፋሽ ያጥራታል።»

«ሰውዬው ከፎቅ ላይ ነው እንዴ የሚመረምሩት?» አልኩት ሳንድሮን በመጀመሪያው ሰኞ።

«ጆሯቸውን አትናቅ» አለኝ።

ፍራው ኬስለር ለእኔ ደግ ነበረች። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚመጣልኝን፣ እንደ ባቡር የረዘመ ቃል የሞላበትን ደብዳቤ መኪናዋ እስክትሠራ ቁጭ ብላ ታነብልኛለች፣ ፎርሙን ትሞላልኛለች። ውለታዋን በምን እንደምመልስ ሳስብ ሳስብ ዓይኔ ማርሚታው ላይ አረፈ። ማርሚታ የጭስ ማውጫውን ድምፅ የሚያፍነው ቆርቆሮ ነው። የዚያች መኪና ማርሚታ ሆዱ ባዶ ነው፤ ቧንቧውም አሥራ አንድ ቦታ ተበሳስቷል። አይ ዝገት አልኩ። ሳንድሮ ያን ሳምንት እናቱን ሊጠይቅ አገሩ ሄዶ ነበር። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት እንደሚባለው፣ ሦስት ቀን በምሳ ሰዓቴ ከመኪናዋ ሥር ገብቼ ከሌላ መኪና የተፈታ ደህና ማርሚታ ገጠምኩ፤ ቀዳዳዎቹንም አንድ በአንድ በየድኩ። ሳስነሳት እንደ ልብስ ስፌት መኪና ሆነች። ጋሽ ታደሰ ባየኝ ብዬ ተመኘሁ።

ፍራው ኬስለር ቁልፉን አዙራ ሳቀች። «ጎረቤቶቹ ያመሰግኑሃል» አለችኝ። የአባቷ ጆሮ ለእሷም ትዝ አላላትም።

ሰኞ ያለ ወረቀት መጣች። ሳንድሮም ተመልሶ ነበር። ዓይኗ ቀልቷል፤ ቁጭ በይ ብንላት እምቢ ብላ ቆማ ነገረችን። ቅዳሜ እንደ ወትሮዋ ከመስኮቱ ሥር ቆይታ ወደ ላይ ስትወጣ፣ አባቷ «ዛሬ በምን መጣሽ?» አሏት። በመኪናዋ ብትላቸው አላመኑም። ማርሚታው ተጠግኖ ነው ብትላቸውም አላመኑም። መኪናዋን ሸጣ፣ በሌላ እየመጣች የምታታልላቸው መሰላቸው። ከታመሙ በኋላ አንድ ጊዜ «ብንሸጣት ይሻል ይሆን?» ብላ ነበርና ያቺ ቃል ልባቸው ውስጥ ተቀምጣ ኖራለች። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ጎረቤት ያብላኝ እንጂ ከአንቺ እጅ አንድ ማንኪያ አልቀምስም አሉ።

«አባቴ ዋሾ ነሽ አለኝ» አለች። «ሐኪሙ ብዙ ጊዜ የለውም ብሎኛል። እንዲህ እንዳኮረፈኝ ቢሞትስ?»

ሳንድሮ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። ቀዳዳዎቹ ዝገት እንዳልነበሩ ያኔ ነገረኝ። ሄር ኬስለር ራሳቸው በመሰርሰሪያ የበሷቸው ናቸው፤ ድምፅዋን እንደ ክራር ሲቃኙ ሁለት በጋ ፈጅቶባቸዋል። እኔ በሦስት ምሳ ሰዓት ደፈንኩት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። በአባትና በልጅ መካከል ገብቼ ያጣላሁ እኔ ነኝ፤ ጊዜ ደግሞ የለም።

ያን ሳምንት የጠገንኩትን ቆርጬ አወጣሁ፤ ባዶውን ማርሚታ መለስኩና በሌላ ቧንቧ ላይ አሥራ አንዱን ቀዳዳ እንደገና በሳሁ። ቅዳሜ አብሬያት ሄድኩ። የጸደይ መጀመሪያ ነው፤ የሮደልሃይም ዛፎች ማበብ ጀምረዋል፣ ከአንዱ ቤት የተጠበሰ ሽንኩርት ይሸታል። እሷ ወጣች፤ እኔ መኪናዋን አስነስቼ ከታች ቆምኩ። ጎረቤት ሁሉ በየመስኮቱ ብቅ አለ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ እሷም ብቅ አለችና ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች።

«ያቺ አይደለችም። የሌላ ሰው መኪና ተውሰሽ ነው» ብለዋት ነበር አባቷ። የመሰርሰሪያው ውፍረት ይሁን የእጄ አያያዝ እንጃ፣ ድምፁ ይመስላል እንጂ ያው አልነበረም። ለእኔ ያው ነው። ለእሳቸው አልነበረም።

ሳንድሮ ይህን ሲሰማ ጢሙን አሻሸ። «መኪና ፎቅ አይወጣም» አለ። «ስለዚህ ሰውዬው ይውረዱ።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሄር ኬስለርን ወጥ ቤት ወንበር ላይ አስቀምጠን፣ በቀበቶ አስረን፣ ሳንድሮ ከታች እኔ ከላይ ሆነን ደረጃውን አወረድናቸው። እስክንጨርስ ሰደቡን። የጀርመንኛ ስድብ አጥርቼ የተማርኩት ያን ቀን ነው። ልጃቸው ብርድ ልብስ ይዛ ትከተላለች።

በሩ ጋ ስንደርስ ስድቡ ቆመ። መኪናዋ ፀሐይ ላይ ቆማለች። መዳፋቸውን ኮፈኗ ላይ አሳረፉ፤ ከዚያ የበሩን ጠርዝ እየዳሰሱ አንዲት አሮጌ ጭረት ፈልገው አገኙ። እኔ ቆርጬ ያወጣሁትን የራሳቸውን ቧንቧ በጨርቅ ጠቅልዬ አምጥቼ ነበርና ጉልበታቸው ላይ አስቀመጥኩት። የተደፈኑትን ቀዳዳዎች በአውራ ጣታቸው አንድ በአንድ ቆጠሩ።

«ማነው የበየደው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። «ጥሩ ብየዳ ነው» አሉ። «ቦታው አይደለም እንጂ።»

ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። ይቅርታ ይጠይቋታል ብዬ ጠበቅኩ። ያሏት ግን አንድ ቃል ነው።

«ርቦኛል።»

ፍራው ኬስለር ፊቷን በብርድ ልብሱ ሸፍና አለቀሰች። እኔም አልቅሻለሁ፤ አላፍርበትም።

እዚያው መንገድ ዳር በላን። ፍራንክፈርቶች በዚያ ወቅት የሚወዱት አረንጓዴ ሶስ አለ፤ ብዙ ዓይነት ቅጠል ተከትፎ፣ ከእርጎ ጋር ተለውሶ፣ በተቀቀለ ድንችና በእንቁላል የሚበላ። የእኛ ፋሲካ ገና ስለነበር እኔ ጾም ላይ ነኝ፤ ድንቹን በጨው በላሁ። ሄር ኬስለር ምክንያቱን ጠይቀው ሲነገራቸው «ምነው ከብየዳም ቢጾም ኖሮ!» አሉ። ከልጃቸው እጅ ሁለት ሳህን ጨረሱ። ሐኪሙ ካለው በላይ፣ አንድ ዓመት ከምናምን ኖሩ፤ ወረቀቱም ሰኞ ሰኞ መምጣቱን ቀጠለ። ከእሳቸው በኋላ ልጃቸው መኪናዋን ብዙ ዘመን ነዳቻት። ዛሬ ማን ጋ እንዳለች አላውቅም።

ይህን ሁሉ ባለፈው እሑድ ምሳ ላይ ለናትናኤል ነገርኩት። «ታዲያ ጓደኛዬ ሞተሯን አያውጣ ነው የምትለው?» አለኝ። እንደሱ አላልኩም። የኤሌክትሪክ መኪና ጠላቴ አይደለም፤ ስንት ዓመት ጭስ የጠጣ ሳንባዬ ያውቀዋል። ጋሽ ታደሰማ ቢያየው ገነት የገባ ይመስለው ነበር። እነዚያ የሚያገሱትም ጨርሰው አይጠፉም፤ ፈረስ ከመንገድ ወጥቶ ለበዓል እንደቀረ ሁሉ እነሱም ለቅዳሜና ለእሑድ ይቀራሉ። ጓደኛህ ግን መፍቻ ከማንሳቱ በፊት ያቺን መኪና ጆሮውን ጥሎ የሚጠብቅ ሰው መኖር አለመኖሩን ይጠይቅ አልኩት። እኔ ሳልጠይቅ ነው የገባሁበት።

«ያንተዋ ስትታመም በምን ታውቃለህ?» አልኩት ደግሞ።

«ሃንዲ ላይ ሜልዱንግ፣ መልእክት ትልክልኛለች» አለ ስልኩን እያሳየኝ። መኪናዋ ራሷ ወረቀት መጻፍ ጀምራለች ማለት ነው።

ለናትናኤል ያልነገርኩት አንድ ነገር አለ። ሄር ኬስለር ከሚያስጽፏቸው ብልሽቶች ግማሹን ሞተሩ ውስጥ ፈልጌ አጥቻቸዋለሁ። ካንዴላው አይስልም፣ ቀበቶውም አያፏጭም። ያኔ ርቀቱ ነው፣ ዕድሜም ነው ብዬ፣ ነካ ነካ አድርጌ «ተስተካክሏል» እል ነበር። አሁን እኔ ራሴ ሽማግሌ ሆኜ፣ ሥራ የሚበዛበት ልጅ ሲመቸው ብቅ ሲልልኝ ነው የገባኝ። ሰውዬው አልተሳሳቱም። ብልሽት ከሌለ ሰኞ ጋራዥ የለም፤ ሰኞ ጋራዥ ከሌለ ደግሞ ቅዳሜ መሠራቷን ልስማ የሚባልበት ምክንያት የለም።

ከምሳ በኋላ ናትናኤል ቤቴ አደረሰኝ። ወርጄ መኪናውን ዞር ዞር ብዬ አየሁት።

«የኋላው ጎማ አየር የጎደለው ይመስለኛል» አልኩት።

ስልኩን አወጣ። «አባዬ፣ አፑ አለስ ኦኬ ነው እያለ ነው።»

«አፑ ምን ያውቃል! የፊታችን እሑድ ይዘሃት ና፣ አየዋለሁ።»

ናትናኤል ጎማውን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። ጎማው ምንም አልሆነም።

«እሺ አባዬ» አለ። «እሑድ እመጣለሁ።»