ትንፋሼን የተረጎመችው

እስራኤል አገር፣ ሐደራ ከተማ፣ ፋብሪካው ሰፈር፣ የሆቴል አንሶላ የሚታጠብበት ቤት ስሠራ አንዲት ያገሬ ልጅ አስተርጓሚያችን ነበረች። ዕብራይስጡን ከእኛ ቀድማ ስለለመደችው አለቃው ያለ እሷ አያናግረንም። ስትስቅልኝ አንድም ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አንድ ረቡዕ አለቃው አስጠራኝ። እሷ ከጎኑ ቆማ፣ "ዓርብ ከሰዓት ሰው ጎድሎብናል፤ እየመጡ አንሶላ ይጠፉልን ይላል" አለችኝ።

ዓርብ ከሰዓት እኔ ቤቴ ነኝ። ሰንበት ፀሐይ ሳትጠልቅ ትገባለች፤ ምግቡ ተሠርቶ፣ ገላ ታጥቦ፣ እሳቱ ጠፍቶ ነው የምትጠበቀው። ከአገሬ ስወጣ ሌላውን ሁሉ ጥዬ እሷን ይዤ መጥቻለሁ።

አለቃው ግን ገና ማውራቱ ነበር። ትልቅ ሰው ሲናገር አይቋረጥምና፣ እስኪጨርስ "ህ... ህ..." እያልኩ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብኩ። እየሰማሁ ነው ማለቴ ነው። አፌን ልከፍት ስል እሷ አንድ ነገር አለችው፤ እሱም ፈገግ ብሎ እስክሪብቶ አነሳ።

"ምን አልሽው?"

"እሺ ብለዋል አልኩት።"

"መቼ ወጣኝ?"

"ሲተነፍሱ ነዋ፣ እትዬ!" ብላ ሳቀች።

ጎንደር ያደገች ሴት ያን ትንፋሽ ሳታውቀው ቀርታ ነው? ከሥራ ስወጣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የሥራ ተራ ወረቀት አየሁ። ማንበብ ባልችልም የስሜን መልክ አውቀዋለሁ። ዓርብ ላይ፣ ስሕተት በሚያጠፉበት ነጭ ቀለም በተሸፈነ ሌላ ስም ላይ ተጽፏል። ወረቀቱን ገልጬ በብርሃን አየሁት። ከሥር ያለው፣ በየቀኑ ደረቷ ላይ ተለጥፎ የማየው የእሷው ስም ነበር።

ያን ዕለት ማታ ልጄ አንዲት የዕብራይስጥ ቃል እየሳቀችብኝ አስጠናችኝ። በማግሥቱ ብቻዬን ገባሁ። "ቤዮም ሺሺ አኒ ሎ የኾላ። ቶዳ።" ዓርብ አልችልም፣ አመሰግናለሁ። አለቃው አስተርጓሚዋን ፍለጋ በሩን አየ። ከዚያ ብዙ ተናገረ። ትንፋሽ እንዳያመልጠኝ ጥርሴን ነክሼ ቆምኩ። ሲጨርስ እጅ ነስቼ ያንኑ ደገምኩለት። ራሱን አከከና ነጩን ቀለም ከመሳቢያው አወጣ።

ዓርብ ቀትር ላይ ሽርጤን ስፈታ እሷ ከአንሶላው ክምር ፊት ቆማ ነበር።

"አለቃውን ምን ብለውት ነው፣ እትዬ?"

"ህ" አልኳትና ወጣሁ። ትተርጉመው።