ሽንፋ ላይ የበረደኝ ቀን

ሽንፋ ላይ ጥርሴ እስኪንገጫገጭ በርዶኝ ያውቃል። ሳቁ፤ እኔም ሌላ ሰው ቢነግረኝ እስቅ ነበር። እዚህ አገር እንኳን ሰው ግድግዳውም ያልበዋል። ያለፈው ዓመት ጥቅምት መግቢያ ላይ ነው። ሰሊጥ ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል፣ እዚህ ደግሞ ሰሊጥ የማይታይበት ቀን የለም።

ሰሊጤን አሳጭጄ ሂላ አቁሜያለሁ። ሂላ ማለት ነዶው ተደጋግፎ እንዲደርቅ የሚቆምበት ክምር ነው። ደርቆ አፉን ሲከፍት ሸራ ላይ ገልብጠን እናራግፈዋለን። የቤታችን የዓመት ተስፋ እሱ ብቻ ነው። ከመተማ እስከ ገለጉ እንደኔ ሂላ ቀጥ ብሎ የሚቆም የለም፣ ጉራ አይምሰላችሁ።

ነገ ልናራግፍ ዛሬ ከሰዓት በሱዳን በኩል ደመናው ጠቆረና በረዶ ወረደ። ሠራተኞቹ ከትራክተሩ ተጎታች ስር ገቡ፤ እኔ ባልዲ ራሴ ላይ ደፍቼ ቆምኩ።

ሲያባራ መሬቱ ነጭ ነው። የቆላ ሰው በረዶ ሲያገኝ ምን ያደርጋል? ይጠጣዋል። በጣሳ ዛቅሁና ጠጣሁ። አንዱን በማጭድ ለሁለት ከፈልኩት፤ ውስጡ እንደ ሽንኩርት የተደራረበ ነው። ከሬዲዮ የሰማሁትን እየተንቀጠቀጥኩ አስተማርኳቸው። ንፋሱ ጠብታዋን ሽቅብ ይወስዳታል፣ እዚያ ትረጋለች፣ ልትወርድ ስትል መልሶ ያወጣታል፣ ልብስ በልብስ እየደረበች ስትከብደው ይለቃታል አልኳቸው።

በየዓመቱ ከጎጃም የሚመጣው አጫጄ ደምላሽ አልሰማኝም። አንድ ነዶ አንስቶ ገለበጠ።

«ጋሼ፣ ባዶ ነው።»

አያያዝህ ነው ብዬ ሳቅሁበት። ራሴ ገለበጥኩ፤ ውሃ ብቻ ተንጠባጠበ። ሌላም ገለበጥኩ። በረዶው ደብድቦ ሰሊጡን አራግፎታል፤ ነጩ ሰሊጥ ከነጩ በረዶ ስር ነው። በእጃችን ስንዝቅ በረዶው ቀለጠና ሰሊጡን ይዞ ጥቁሩ አፈር ስንጥቅ ውስጥ ገባ።

ባለቤቴ እየሮጠች መጣች። ሂላዎቹን ከሩቅ አየቻቸውና «ተመስገን፣ ቆመዋል» አለች። አንዱን ነዶ አንስቼ ፊቷ ገለበጥኩት።

በሳምንቱ በየሂላው ዙሪያ ሰሊጥ በቀለ። እኔ ዘርቼ እንደዚያ አምሮ በቅሎልኝ አያውቅም። ዝናቡ ግን ያ የመጨረሻው ነበር፤ ጣት ሳያክል ደረቀ። ደምላሽ ባዶ እጁን አገሩ ገባ፣ ዘንድሮም አልመጣም። እኔም ዘንድሮ የሰው ሰሊጥ ነው የማጭደው። ወሬውን ሳወራው ሰው ይስቃል፣ አብሬ እስቃለሁ፤ ሌላ ምን አለኝ?

ያላመነ ሽንፋ መጥቶ ባለቤቴን ይጠይቃት። ባዶውን ነዶ እስካሁን ታነደዋለች። እሷ ደግሞ ቀልድ አታውቅም።