የቻይና ቅመምና የጾሙ ድስት

ቻይኖቹ ከሙጃ ከተማ በላይ መንገድ ሲቆርጡ ልጄ በካምፓቸው ወጥ ቤት ተቀጠረች። እናቷ ከሞተች ወዲህ ቤቱን የያዘችው እሷ ነበረች፤ መሄዷን አልወደድኩትም። አሳማ የነካ እጅ ተመልሶ ለእኔ ወጥ ሲሠራ ማሰቡ ይከብደኝ ነበር።

በፍልሰታ ፈቃድ አግኝታ መጣች። ያን ቀን ከቅዳሴ በኋላ የነፍስ አባታችን ቤታችን እንዲቀምሱ ለምኛቸው ነበር። እኛ ቤት የፍስክና የጾም ድስት አይቀላቀልም። የጾሙን ሸክላ ያሟሸችው እናቷ ናት፤ ቅቤም ሥጋም ደርሶበት አያውቅም። ልጄ ሽሮውን በእሱ ሠራች።

ወጡ ሲወርድ እንግዳ ሽታ ቤቱን ሞላው። ቀረፋ ይመስላል፤ ግን ከሥሩ ሌላ ነገር አለበት። ብቀምሰው የምላሴ ጫፍ ደነዘዘ።

«ምን ጨመርሽበት?»

«የቻይና ቅመም ነው፣ አባዬ። ይጣፍጥዎት ብዬ።»

«እነሱ ምን ላይ ይነሰንሱታል?»

ልጄ ዋሽታኝ አታውቅም። «አሳማው ላይ» አለች።

ቀጥላ ያለችውን አልሰማሁም። ፊደል ያለ አስተማሪ የለየሁ ሰው ነኝ፤ ጾም የሚያስገድፈውን እኔ የማጣው አይመስለኝም ነበር። ድስቱን ከነወጡ አንስቼ ደጅ ድንጋዩ ላይ ፈጠፈጥኩት።

የነፍስ አባታችን ከአጥሩ ደርሰው ኖሯል። «ምን ተሰበረ?» አሉ። ልጄ የተረፈውን ዱቄት ከፌስታል አውጥታ መዳፋቸው ላይ አደረገችላቸው። አሸተቱት።

«ቀረፋ አለው፤ ቅርንፉድ አለው፤ እንስላልም ይሸተኛል። ሌላውን አላውቀውም።»

«ሌላው የዛፍ ፍሬ ነው፣ አባታችን። አንዱ እንደ ኮከብ ያለ፣ አንዱ ምላስ የሚያደነዝዝ። የምወቅጠው እኔው ነኝ፤ ሥጋ በማይደርስበት ሙቀጫ።»

ወደ እኔ ዞሩ። «ታዲያ ይኼ ምኑ ያስገድፋል? ልጅቱ እስክትጨርስ ብትሰማት ምን ነበረበት? እኔም ጦሜን አላድርም ነበር።»

ማንም አልሳቀም። ልጄ ስባሪውን በነጠላዋ ጫፍ ለቀመች፤ እኛም እንጀራ በበርበሬ በላን። በማግስቱ ፈቃዷ ሳያልቅ ወደ ካምፑ ተመለሰች።

በዐቢይ ጾም መጣች፤ የራሷን ትንሽ ብረት ድስት ይዛ። ለእኔ በአዲስ ሸክላ ያለዚያ ቅመም ሠራች፤ ለራሷ በብረቱ። አንድ ምድጃ ላይ ሁለት የጾም ድስት ተጣደ። ቤቱን በጾም መጠበቅ የአባት ግዴታ ነው፤ ይህን ዛሬም አልለቅም። ሽታው ግን ያው ነበር፤ ቤቱን ሞልቶታል። «ከዚያኛው አቅምሺኝ» ማለት አፌ እንቢ አለኝ። እሷም «ቅመሱ» አላለችኝም።