የአህያውን ሥዕል የሰጠኋት ልጅ

የእንስሳት ተረት ልጅን ደግ ያደርጋል ይባላል። ውሸት ነው። በተለይ ሥዕል ያለው ተረት ለክፋት መሣሪያ ያቀብላል። ይህን የማውቀው አቀባይዋ እኔ ስለነበርኩ ነው።

ባለፈው ሳምንት ባምቢስ አካባቢ የወረቀት ማጣበቂያ ኮላ ገዝቼ ክዳኑን ስከፍት፣ ሽታው ካዛንቺስ ሁለተኛ ክፍል መለሰኝ። መምህራችን በአሮጌ የቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ አንበሳ፣ ጦጣ፣ ሚዳቋና አህያ ይስሉ ነበር። ሥዕሎቹን ካርቶን ላይ ለጥፈው ገመድ ያስሩባቸዋል። ያልደረቀው ኮላ በመስኮቱ ፀሐይ ያብለጨልጫል። ሥዕሉን አንገቱ ላይ ያጠለቀ ልጅ እንስሳውን ሆኖ ይናገራል። የማደሉ ሥልጣን የክፍል አለቃዋ፣ ማለትም የእኔ ነበር።

አንድ ዴስክ የምንጋራ ጓደኛ ነበረችኝ። አባቷ ከወፍጮ ቤት እህል በአህያ ያመላልሱ ነበር፤ ልጆቹም ይህን አይረሱላትም። አንድ ቀን ጠዋት ጆሮዬ ሥር፣ «በናትሽ ሚዳቋዋን ስጪኝ። አህያውን ብቻ እንዳትሰጪኝ» አለችኝ።

ልሰጣት ነበር። ከኋላ አንዱ፣ «አለቃ፣ ዛሬም ለጓደኛሽ ልታዳዪ ነው አይደል?» አለ። ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ከሁሉም በላይ አዳላች መባልን እፈራለሁ። ፍትሕ የሚባለው ነገር ያን ጊዜም እንደ ዛሬው ለታዛቢ የሚደረግ ነበር። አህያውን አንገቷ ላይ አጠለቅኩላት።

ወጥታ ቆመች። «ሸክሙ በዛብኝ» ማለት ነበረባት፤ አለችም።

«የአባትሽን ስንት ኩንታል ጭነውብሽ ነው?» አለ ያው ልጅ።

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። መምህራችን አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔም ሳቅኩ። ከልቤ ነበር የሳቅኩት፣ እሱን መካድ አልችልም።

ወደ ቤት አብረን ሄድን። የሰፈራችን መታጠፊያ ጋ ስንደርስ፣ «መስጠትሽ ይሁን። ሳቅሽ ግን» አለችና ሄደች። በማግስቱ ሌላ ዴስክ ላይ ተቀመጠች። «አህያዋ» የሚለው ስም ግን አልለቀቃትም። አራተኛ ክፍል ሳትጨርስ ትምህርቷን ተወች።

ይቅርታ ለመጠየቅ አርባ ዓመት ያህል ነበረኝ። ቤታቸው ከእኛ ቤት ሁለት አጥር ብቻ ይርቅ ነበር፤ እኔ ግን ከመሄድ ይልቅ መጻሕፍት አነብ ነበር። በመጨረሻ ባለፈው ዓመት ስሄድ ሰፈሩ ፈርሶ ሜዳ ሆኗል። በአጥር ቆርቆሮው ጥግ ያገኘኋቸው ዘበኛ፣ «ልጄ፣ እዚህ የነበረው ሰው ግማሹ ጎተራ፣ ግማሹ የከተማው ዳር ገብቷል። የማንን አድራሻ ልንገርሽ?» አሉኝ።

ካዛንቺስ አድገህ ከሆነ ያችን ልጅ ታውቃታለህ። ይቅር በያት ብለህ አትለምንልኝ። የት እንዳለች ብቻ ንገረኝ።