ጓደኛዬ ዝቅ አድርጋ የዘፈነችበት ቀን

ሐዋሳ ውስጥ ጂኦግራፊ ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ክፍል ውስጥ የሚያስተምረው ፕላዝማው ነበር፤ እኔ አልነበርኩም። ግድግዳው ላይ በብረት ሳጥን የተቆለፈው ቴሌቪዥን ከአዲስ አበባ በሚመጣ ሥርጭት ትምህርቱን በእንግሊዝኛ ያንበለብለዋል። ለእኔ መግቢያ ላይ ጥቂት ደቂቃ፣ ማጠቃለያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይተርፈኛል። ተማሪ እጁን ቢያወጣ ፕላዝማው አይቆምለትም። እኔ ደግሞ ማስረዳት እወዳለሁ። የትምህርት ዕቅዴን በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ አሰምሬ ነው የምመጣው። ሳልጠቀምበት የቀረውን ማብራሪያ ሁሉ ተሸክሜ ወደ ቤት ስመለስ፣ የሚወርድባቸው ጓደኞቼ ነበሩ።

አንደኛዋ አብራኝ የምትኖር የአማርኛ መምህርት ናት። መሃል ከተማ አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይተናል፤ በመካከላችን ያለው ግድግዳ በጣም ስስ ስለነበር ጠዋት ፊቷን ስትታጠብ የምታንጎራጉረውን ከአልጋዬ ሳልነሣ እሰማለሁ። ሁለተኛው የሂሳብ መምህሩ ነው። ቤተሰቦቹ መናኸሪያ አካባቢ የጨርቅ ሱቅ አላቸው፤ ቁመቱ በር ያስጎነብሰዋል፤ አፉ ግን ለማንም አይጎነበስም። “ፕላዝማ” የሚል ስም ያወጣልኝ እሱ ነው። “ጥያቄ አትቀበልም፣ አትቆምም፣ መብራት ካልጠፋ ዝም አትልም” ይለኝ ነበር።

ጓደኛዬ ከሌሎች ሦስት ሰዎች ጋር ያለ መሣሪያ ትዘፍናለች። ቡድኑ እንዴት እንደተጀመረ ልንገራችሁ። አንድ የወላጆች በዓል ላይ መድረክ ላይ እንዳሉ መብራት ጠፋና ኪቦርዱ ዝም አለ። ሌላው ሁሉ ሲወርድ አራቱ ዜማውን ሳያቋርጡ ጨረሱት። ከዚያ ቀን በኋላ ኪቦርድ አልፈለጉም። ቤዙን፣ ከታች ያለውን ወፍራም ድምፅ፣ የሚይዙት ጡረታ የወጡ የእንጨት ሥራ መምህር ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። መካከለኛውን ድምፅ ነርስ የሆኑ ሁለት እህትማማቾች ይከፋፈሉታል። ከላይ ያለው፣ ሶፕራኖ የሚባለው ቀጭን ድምፅ የጓደኛዬ ነበር። “ነበር” የምለው በምክንያት ነው።

በዚያ ዓመት አንገቷ ላይ የነበረው እንቅርት አድጎ መተንፈስ አስቸገራትና ቀዶ ሕክምና ታዘዘላት። እኔም አብሬያት ሐኪሙ ዘንድ ገብቼ ነበር።

“ለማውራትና ለማስተማር ችግር የለም” አሏት። “ለዘፈን ግን ከፍ ያለውን ድምፅሽን ልታጪው ትችያለሽ። ከአሁኑ እርግጡን መናገር አልችልም።”

እኔ ወዲያው ስለ ድምፅ አውታር ጥያቄ መጠየቅ ጀመርኩ። እሷ ግን በመስኮት ውጭውን እያየች ነበር።

ቀዶ ሕክምናው በደህና አለቀ። አንገቷ ላይ ቀጭን መስመር ቀረ፤ ነጠላዋን ከፍ አድርጋ ትሸፍነዋለች። ማስተማርም ጀመረች። ከግድግዳው ወዲያ ግን ጠዋት ጠዋት የውሃ ድምፅ ብቻ ሆነ። ልምምድ ላይ ተገኝታ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች እንጂ ድምፅ አታወጣም። ከሦስት ወር በኋላ ቡድኑ ለጥቂት ወዳጆች ብቻ የሚሆን ዝግጅት ሲያስብ፣ የእናቷን ዜማ እሷ እንደምታወጣ ተናገረች። ሁላችንም ተያየን።

ያ ዜማ ከሐዋሳ ወጣ ብላ ባለችው ቱላ የሚኖሩት እናቷ ከጎረቤት ሴቶች ጋር እንሰት ሲፍቁ የሚዘፍኑት ነው፤ በሲዳምኛ። አንዲት ሴት ጎረቤቷን ለሥራ ትጣራለች፤ የተጠሩት ደግሞ “መጣሁ” ብለው ይቀበላሉ። ጥሪው ሩቅ እንዲሰማ መሃል ላይ አንድ ቦታ በጣም ከፍ ይላል። ጓደኛዬ እዚያ ቦታ ስትደርስ ጀርባዬን ይነዝረኝ ነበር።

“ለምን እዚህ ቤት አትሞክሪውም?” አልኳት አንድ ቀን ልብስ እያጠፍን።

“ብሞክረውና ባይኖርስ?”

“ያኔ ታውቂዋለሻ!”

“ብቻዬን ማወቅ አልፈልግም። እዚያ እናንተ አላችሁ።” የያዘችውን ቀሚስ አጠፈች፣ ዘረጋች፣ እንደገና አጠፈች። “ካልመጣ ቦታዬን ለሌላ ሰው እለቅቃለሁ። ጋሼንም እህትማማቾቹንም አላስቸግርም። እናቴ ግን ትምጣ፤ እሷ ሳትሰማ አይሆንም።”

“እናንተ አላችሁ” ማለቷን እኔ “ስወድቅ ያዙኝ” ብላ እንደለመነችኝ ቆጠርኩት። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ዕቅድ አወጣሁ።

ዝግጅቱ እሑድ ከቀኑ አሥር ሰዓት፣ አንዲት መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ነበር። የቤቱ ባለቤት እትዬ የምንላቸው ሴት ናቸው፤ ክፍሉን በነፃ ሰጡን፤ ወንበር ግን ያለው የሕፃናቱ ብቻ ነው። ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ ትንንሽ ወንበሮችን በአምስት ረድፍ ደረደርኩ። እንግዳው ሁሉ ጉልበቱ ደረቱ ጋ ደርሶ ተቀመጠ። የሂሳብ መምህሩ በአንዱ ወንበር ሞክሮ ስላልሆነለት ሁለት ወንበር ጎን ለጎን አድርጎ፣ “ከዛሬ ጀምሮ ደመወዜም እንዲህ እጥፍ ይሁን” አለ። ግድግዳው ላይ ፊደል፣ ቁጥርና ዝሆን ተስሏል። እትዬ በየመሃሉ እየዞሩ፣ “ማንም እንዳይወዛወዝ! እግራቸው ይሰበራል፤ የወንበሮቹን ማለቴ ነው” ይሉ ነበር።

እኔ በር ላይ ቆሜ በእጄ የጻፍኩትን ፕሮግራም አድላለሁ። ወረቀቱን ስሰጥ ለእያንዳንዱ ሰው ድምፄን ዝቅ አድርጌ አስረዳለሁ፤ “አምስተኛው ዜማ ላይ እዩኝ። እጄን ካነሣሁ ሁላችሁም ተቀበሉ፤ አጨብጭቡ። ድምፅዋ ቢሰበር እንሸፍንላታለን።” ሰው ሁሉ በደስታ ራሱን ይነቀንቃል። የሀገራችን ሰው አጅብ ሲባል እምቢ አያውቅም። ለጥቂቶቹ የመቀበያውን ቃል ደጋግሜ አስጠናኋቸው።

የሂሳብ መምህሩ ሰማኝ። “ለእሷ ነግረሻታል?”

“ኧረ! ከነገርኳት ትፈራለች።”

“ፕላዝማ፣” አለኝ፤ እንደ ወትሮው አልሳቀም። “ልጅቷ እጇን አውጥታ እንደሆነ ቀድመሽ ማየት ነበረብሽ።”

ቀልድ መስሎኝ አለፍኩት።

እናቷ ከቱላ በባጃጅ መጡ። ነጭ ለብሰዋል፤ እጃቸው ጠንካራና ሰፊ ነው። የፊት ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸውና እሳቸውንም ላስረዳ ጎንበስ አልኩ። “እማማ፣ አምስተኛው ላይ እጄን ሳነሣ እርስዎም...”

“አንቺ ልጄ፣ ቁጭ በይ” አሉኝ በአማርኛቸው፣ ክንዴን መታ መታ አድርገው። “በጣም ደከመሽ።”

ዝግጅቱ ተጀመረ። ጋሼ መዳፋቸውን ጆሮአቸው ላይ አድርገው ከደረታቸው “እምምም” ሲሉ፣ ከዚያች አንዲት ድምፅ ሌሎቹ የየራሳቸውን ያነሣሉ። ያለ መሣሪያ ሲዘፈን ከቅርብ ሰምታችሁ የማታውቁ ከሆነ ልንገራችሁ፤ ትንፋሽ ሲሳብ ይሰማል፤ ከንፈር ሲገጥም ይሰማል። በሁለተኛው ዜማ መሃል አንድ አባ ኮዳ፣ ያ ሐይቁ ዳር የሚውለው ግዙፍ ወፍ፣ የጣሪያው ቆርቆሮ ላይ አረፈና በዚያ ረጅም እግሩ ከጥግ እስከ ጥግ ተራመደ። ጋሼ እየዘፈኑ ወደ ላይ በቁጣ ሲያዩት ሕዝቡ ሣቁን መያዝ አቃተው። ጓደኛዬም ፈገግ አለች። እስከዚያ ድረስ ከእህትማማቾቹ ጀርባ ተደብቃ እንደ ልምምዱ ከንፈሯን ብቻ ነበር የምታንቀሳቅሰው።

አምስተኛው ደረሰ። አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጣች። ነጠላዋን ከአንገቷ ዝቅ አደረገች፤ መስመሩ ታየ። ከዚያ በፊት አይተውት እንደማያውቁ ሁሉ እናቷ ትክ ብለው አዩት።

ጋሼ መነሻ ድምፁን እንደ ድሮው ከፍ አድርገው ሰጧት። ጀመረች። የመጀመሪያው ስንኝ ሄደ። በሁለተኛው ላይ ድምፅዋ ሲቀጥን፣ እንደሚበጠስ ክር ሲሆን ሰማሁ። ገና ከፍተኛው ቦታ አልደረሰችም። እኔ ግን አልቻልኩም፤ እጄን አነሣሁ።

ሠላሳ የሚሆን ሰው አብሮ ገባ። ጭብጨባው ቤቱን ሞላው፤ ከኋላ አንዷ እልል አለች፤ በሰዓቱ የገባም ያልገባም ተቀበለ። የእሷ ድምፅ ጠፋ። አፏ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ የምትለው አይሰማም። ለአፍታ ተደስቼ ነበር፤ ያዝናት አልኩ በልቤ። ከዚያ ፊቷን አየሁ።

መዝፈኗን አቆመች። እጇን አነሣች። ክፍል ውስጥ ተማሪዎቿ ሲንጫጩ እንደምታደርገው ጣቶቿን ሰብስባ ነው። ጭብጨባው ከፊት ወደ ኋላ እየቀነሰ ቆመ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ብቻ ሲያጨበጭቡ ቀሩና ሚስታቸው እጃቸውን ያዙባቸው።

“እግዜር ይስጥልኝ፣ ስለወደዳችሁኝ ነው” አለች። ከዚያ እኔን አየች። በቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። “ግን እኔም እኮ ገና አልሰማሁትም። ልስማው።”

ከመሬት በታች መግባት ተመኘሁ። የተቀመጥኩበት ወንበር የአራት ዓመት ልጅ ወንበር ነው፤ እሱም መሸሸጊያ አይሆንም። አጠገቤ የተቀመጠው የሂሳብ መምህር መሐረቡን አውጥቶ ጭኔ ላይ አኖረልኝ፤ ማልቀሴን ያወቅኩት ያኔ ነው።

“ጋሼ፣ ዝቅ አድርገው ይስጡኝ” አለች።

“ምን ያህል ዝቅ?”

“እንጃ። እስኪበቃኝ።”

ጋሼ ጆሮአቸውን ይዘው “እምምም” አሉ። አይደለም ስትል ራሷን ነቀነቀች። ዝቅ አደረጉት። አሁንም ነቀነቀች። ሦስተኛው ላይ ዓይኗን ጨፈነችና አነሣችው።

የማውቀው ድምፅ አልነበረም። ወፍራም ነበር፤ ጠርዙ ሻካራ፣ ጥቂት ጭስ የነካው የሚመስል። ቀስ ብሎ ይሄዳል። ከፍተኛው ቦታ ሲደርስ ተሰነጠቀ። ሁሉም ሰው ሰማው። አልሸፈነችውም፤ ስንጥቁ ላይ ትንሽ ቆመችና በዝቅተኛው በኩል ዞራ ጥሪውን ጨረሰችው። ከዚያ ዝም ብላ ጠበቀች፤ የመቀበያው ቦታ ነበርና።

ማንም አልተቀበለም። ሁላችንም ፈርተናል። እህትማማቾቹ ሳይቀሩ እንደገና እንዳያጠፉባት ሰግተው እርስ በርስ ተያዩ። ጥሪው ክፍሉ መሃል ተንጠልጥሎ ቀረ። በልምዳችን እንዲህ ያለ ዜማ ወጥቶ ሳይመለስ ሲቀር ያሳፍራል፤ ቤት አንኳኩቶ ሰው እንደማጣት ነው። እኔም እጄን ጭኔ ሥር ከትቼ ተቀምጫለሁ።

ከፊት ረድፍ፣ ከቢጫዋ ወንበር ላይ፣ እናቷ ተቀበሉ። ብቻቸውን። አልተነሡም፣ አላጨበጨቡም። ሥራ ላይ ያሉ ይመስል ዝቅ ብለው እጃቸውን እያዩ “መጣሁ” አሏት በሲዳምኛቸው። ያ ድምፅ አሁን የሰማነው ድምፅ ነበር። ያው ወፍራም፣ ያው ሻካራ ጠርዝ። ጓደኛዬ ዓይኗን ገለጠች። የሚቀጥለውን ጥሪ ስትልክ ለሌላው ሰው አልነበረም። እናቷ ሲመልሱ፣ እሷ ስትልክ፣ እናቷ ሲመልሱ፣ በሦስተኛው ጋሼ ከሥር ገቡ፤ ከዚያ እህትማማቾቹ። እኛ እንግዶቹ አልተቀበልንም። ማንም አልነገረንም፤ ግን አልተቀበልንም።

ሲያልቅ እንግዳው በወጉ ማጨብጨብ እንኳን ፈርቶ እትዬን ያያል። “ምን ታዩኛላችሁ? አሁንማ አጨብጭቡ!” አሉ እትዬ።

ወንበሮቹን እየሰበሰብን ሳለ እናቷ ልጃቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው ጣታቸውን በአንገቷ መስመር ላይ አሳለፉ።

“ከፍ የሚለው ቦታ አልመጣልኝም፣ እማዬ” አለቻቸው።

“ሩቅ ላለ ሰው ነው የሚጮኸው” አሉ። “ዛሬ ሁሉም ቅርብ ነው። ለምን ትጮኺያለሽ?”

ይቅርታ ልጠይቃት ቀረብኩ። ያዘጋጀሁት ንግግር ሦስት ክፍል ነበረው፤ ለምን እንዳደረግሁት፣ ምን እንዳሰብኩ፣ ምን እንደተሳሳትኩ። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ሳልጨርስ የአንድ ቀይ ወንበር እግር በእጄ አስያዘችኝ። “በዚያ በኩል ያዢልኝ” አለች። ያዝኩላት። ወንበሩ አንድ ሕፃን የሚሸከመው ነው፤ ለሁለት ተሸክመነው ሄድን። የሂሳብ መምህሩ አራት አራቱን ታቅፎ ሲያልፍ፣ “መብራት ጠፋ?” አለኝ። ጓደኛዬ ሳቀች። ሣቋም ዝቅ ያለ ሆኖ ነበር፤ እስከዚያ ቀን ልብ አላልኩትም።

ማክሰኞ እዚያው መዋዕለ ሕፃናት ወደሚያደርጉት ልምምድ አብሬያት ሄድኩ። እንደ ድሮዋ በግራ ጫፍ፣ ከታናሽየዋ ነርስ አጠገብ ቆማ ነበር። ቦርሳዋን አላስቀመጠችም፤ የምትሰናበት ሰው ነበር የምትመስለው።

“ጋሼ፣ ስለ ቦታዬ...” ብላ ጀመረች።

“አዎ፣ እሱን ልነግርሽ ነበር። እዚያ አይደለም ቦታሽ” አሉና ከጎናቸው የነበረውን የወንበር ክምር በእግራቸው ገፋ አደረጉ። “ወዲህ ነይ፣ ከእኔ አጠገብ። ከላይ ያለውን ትንሿ ትሞክረው፤ እስከ ዛሬ ፈርታሽ ነው ዝም ያለችው።”

ትንሿ ነርስ፣ “ኧረ ጋሼ!” ብላ ፊቷን ሸፈነች።

ጓደኛዬ ቦርሳዋን ለእኔ ሰጠችኝና ተሻግራ በጋሼ ቀኝ ቆመች። ጋሼ መዳፋቸውን ጆሮአቸው ላይ አደረጉ። እኔ ቦርሳውን ጭኔ ላይ አድርጌ አንዷ ትንሽ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ ጠበቅኩ።